ለሁለት ዓመት ልደት ፕላስቲክ ያልበዛበት ስጦታና ለህፃናት ሚሆን መክሰስ ጠቁሙኝ (ኮዬ ፈጬ)

የኮዬዋ፦
ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ልጄ በሚቀጥለው ወር ሁለት ዓመት ትሞላለች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ምንኖረው፣ ከብሎካችን ልጆችና ከዘመድ ጋር አስራ ምናምን ህፃናት ይመጣሉ፣ ትንሿ የአስር ወር ናት ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው። ሁሉም ልደት ላይ ልጆቹ ሲወጡ ፌስታል ይሰጣቸዋል፣ ውስጡ ከረሜላ፣ ፊሽካ፣ አንድ ቀን ማታድር የፕላስቲክ መኪና፣ በነጋታው ደረጃው ላይ ተሰባብራ ታገኟታላችሁ። እኔ ምፈልገው ሚያምር ነገር ነው፣ ማለቴ ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ ዓይን ሚያስጨፍን ሳይሆን ፎቶ ላይም ደስ ሚል። ቦሌ አካባቢ ከውጭ የመጣ የእንጨት መጫወቻ አይቼ ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፣ ምን ይዘው ይሂዱ? ምንስ ይብሉ? ባለቤቴ ደግሞ ፈንዲሻ የሌለበት ልደት ልደት አይደለም እያለ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እንኳን ለዚህ አበቃሽ። በፌስታሉ ፋንታ ትንንሽ የሸማ ከረጢት አሰሪ። ሽሮ ሜዳ ድረስ ከኮዬ መሄድ ራስ ምታት ነው አውቃለሁ፣ ግን ቤት ውስጥ ያረጀ ነጠላ ወይ የሀበሻ ቀሚስ አይጠፋም፣ ጨርቁ ቢሳሳም ጥለቱ ጠንካራ ነው፣ ጥለቱን ከረጢቱ አፍ ላይ እንዲመጣ አድርጎ የሰፈር ልብስ ሰፊ ባንዴ ይጨርሰዋል። በጣም ነው ሚያምረው። አዲስ ጨርቅ ከገዛሽ ግን ጥጥ ነው ስላሉሽ ብቻ አትመኚ፣ አንድ ክር መዘሽ ለኩሺው፣ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል፣ ሰው ሰራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ጥለቱ ላይ ያለው ባለቀለም ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሰራሽ ነው እሱን እለፊው፣ ዋናው ድርና ማጉ ነው። ፌስታሉ እንደሆነ በ2017 ፓርላማው ባጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል፣ ቀድመሽ ለመድሽ በይው 😄

ሲስተር ከቱሉ ዲምቱ፦
ከረጢቱ ጥሩ ሀሳብ ነው። ማሰሪያውን ግን ረጅም አታድርጉት፣ አንድ ስንዝር ካለፈ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል፣ ያለ ማሰሪያ በቁልፍ ቢሆን ደሞ የተሻለ፣ ቁልፉ ጥብቅ ተደርጎ ይሰፋ።

ወደ ፈንዲሻው ልምጣ። ባለቤትሽ ደስ አይለው ይሆናል፣ ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ጠንካራ ከረሜላ አይሰጥም። መንጋጋቸው በደንብ ስላልወጣ አያደቁትም፣ እየሮጡ እየሳቁ ነው ሚበሉት፣ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ወይን ካለ በቁመቱ ለአራት ሰንጥቂው። ፈንዲሻው ከቡና ጋር ለትልልቆቹ በስኒ በስኒ ይቅረብ፣ እንደ ልማዱ ምንጣፍ ላይ እንዳይበተን፣ መሬት ለመሬት ምትሄደው የአስር ወሯ ልጅ ነች ለቅማ ምትበላው። ፊኛም እንደዛው፣ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ልጥፍ ነው ሚለው፣ ለማውጣት ከባድ ነው፣ በዛ ላይ ቆሻሻ ነው። ግድግዳውን በጨርቅ ባንዲራ ወይ በአበባ አስጊጪው። ሌላ፣ የአስር ወሯ ልጅ ማር እንዳትቀምስ፣ ዳቦ ውስጥ የገባም ቢሆን፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ ማር ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም ሚባል ከባድ መመረዝ ያመጣል።

አናጢው (ገላን)፦
የእንጨት መጫወቻ ቦሌ ድረስ ምን አስኬደሽ? አቅራቢያሽ ያለ ማንኛውም የእንጨት ሥራ ቤት ቁርጥራጭ ይጥላል። ዋንዛ ካገኘሽ አሪፍ ነው፣ ቀላል ነው መልኩም ያምራል፣ ጥድም ይሆናል። ኩብ ኩብ አድርጎ ቆርጦ ጠርዙን አድቦልቡሎ በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በሻካራው ከዛ በለስላሳው ማሸት ነው፣ እጅሽን ስታሳልፊበት ምንም ካልያዘሽ አለቀ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ግን አይሆንም፣ የተጣበቀበት ሙጫ ፎርማልዲሃይድ ሚባል መርዛማ ኬሚካል አለው፣ ልጅ ደሞ ያኝከዋል። ቫርኒሽም አትቀቢው ቀለምም አትቀቢው። ሀገራችን ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ አላት፣ ግን ሱቅ ያለችው ቆርቆሮ ስንት እንዳላት በዓይን አይታወቅም። እንጨቱ እንዳለ ይሁን፣ የዋንዛ መልክ ራሱ ቀለም ነው። መጠኑን በሶፍት ካርቶን ቱቦ ለኪው፣ ቱቦው ውስጥ ከገባ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንሽ ነው ማለት ነው።

የአቃቂዋ፦
እናቴ አጠገቤ ሆና እየነገረችኝ ነው ምጽፈው፣ ሙልሙል ጋግሩላቸው ትላለች። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ላሉት ልጆች ሚሰጠውን ማለቷ ነው፣ ትንንሹን። ሊጡን በየድርሻው በኮባ ጠቅልለሽ ብትጋግሪው ደሞ ሌላ ማሸጊያ አያስፈልገውም፣ ኮባው ታጥቦ እሳት ላይ ለብ ለብ ሲል ይለሰልሳል ሳይቀደድ ይታጠፋል፣ ትንሽ ዘይት ቀብተሽ ሊጡን ጠቅልለሽ ምጣድ ላይ ክዳን ገጥመሽ በትንሽ እሳት፣ መሀል ላይ መገልበጥ እንዳይረሳ። መብራት ቢጠፋም በከሰል ይሆናል (ኮዬ መብራት እንዴት ነው ለመሆኑ?)። ከነኮባው ከረጢት ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ ሽታው ብቻ!

ለመክሰስ ደሞ ጭኮ። በሶውን በንጥር ቅቤ፣ ቅቤው ቅመም ያልበዛበት ይሁን፣ ጨው ለምልክት ያህል፣ ማጣፈጫው በጣም የበሰለ ሙዝ ወይ የተፈጨ ቴምር። ቴምሩ ፍሬው በደንብ ይውጣ። ስኳር ምን ያደርጋል። ከጾም ጋር ከገጠመ በዘይትም ይሆናል።

ሲስተር ከቱሉ ዲምቱ፦
ጭኮው ላይ ተስማምቻለሁ፣ ሙዙ በተለይ ለስለስ ስለሚያደርገው። ግን ኳስ ኳስ አታድርጉት፣ በጣት ልክ ዝርግ ይሁን። በሶው ደግሞ በደንብ ይራስ፣ ደረቅ ዱቄት ልጅ ስቦት ያንቀዋል። ለመጠጥ ውሃ ይበቃል፣ ሻይ አይሁን ምክንያቱም ሻይ ከምግቡ ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

አያት ጨፌ፦
እኔ ምጨምረው ያረጀውን ጨርቅ ከመስፋታችሁ በፊት በእንዶድ እጠቡት፣ ነጭ ልብስን እንዶድ ሚያነጣውን ሳሙና አያነጣውም፣ ኬሚካልም የለውም።

ሲስተር ከቱሉ ዲምቱ፦
እንዶድ ያነጣል ልክ ነህ፣ ግን ኬሚካል የለውም ማለት ያስቸግራል ወንድሜ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እኮ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት፣ ዓሣም ይገድላል። ከተዋጠ መርዝ ነው። በእንዶድ ያጠበ ሰው ፍሬውን ልጅ ማይደርስበት ያስቀምጥ፣ ጨርቁን ደጋግሞ ያለቅልቅ። ኮዬ ውሃ በፈረቃ ከሆነ እኔ ተራ ሳሙና ነው ምመርጠው።

የኮዬዋ፦
ውይ ተባረኩ! የአቃቂዋ ለእናትሽ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። በቃ እንዲህ ላድርግ፣ ከረጢቱ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ፣ ውስጡ አንድ ሙልሙልና ሁለት የዋንዛ ኩብ፣ ለአስር ወሯ ልጅ ኩቡን ብቻ። ፈንዲሻውን ለባለቤቴና ለጓደኞቹ ሳሎን ጥግ ከቡናው ጋር 😂 የወረቀት ሰሃንም ቀርቷል፣ በሰፌድ ላይ ኮባ አንጥፌ ነው ማቀርበው። አናጢው፣ እንጨት ቤት ገብቼ ኩብ ቁረጡልኝ ብል አይስቁብኝም? ኮባስ ከየት ነው ማገኘው?

አናጢው (ገላን)፦
ቢስቁም ይቆርጡልሻል። ማሽኑ ባልተያዘበት ሰዓት ሂጂ፣ ጎኑን አራት ሳንቲሜትር በይ፣ ዋጋውን ሳታስቆርጪ ተስማሚ። የሚያሸው ባለቤትሽ ይሁን።

የአቃቂዋ፦
ኮባ ቆጮ ሚሸጡትን ሴቶች ጠይቂያቸው፣ ቀድመሽ ካዘዝሻቸው ያመጡልሻል፣ ግቢ ያለው ጎረቤት ካለሽ ደሞ በነፃ ነው። ከመጋገርሽ በፊት ባለው ቀን ይምጣልሽ፣ ከቆየ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።