አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ባሕር ዳር ላይ ለምታድሱ፦ ከሞተር በፊት ካምቢዮ

የ40 ሲሪስ ላንድክሩዘር ፒክአፕ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው። «የራሱን ሞተር ላሠራው ወይስ 1ኤችዜድ የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ልቀይርበት?» እኔ ጥያቄው ከመሃል የተጀመረ ይመስለኛል። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ላይ አውሉት። ሞተሩ በኋላ ይደረስበታል። ምክንያቴን ልንገራችሁ፤ ከተማችን ውስጥ የቱን ሥራ ለማን መስጠት እንደሚሻልም አብሬ እጠቁማለሁ።

በመጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1980 በፊት የተሠራው ናፍጣ ኤችጄ 45 ነው፤ ሞተሩ 3.6 ሊትር ኤች። ከዚያ በኋላ የመጣው ኤችጄ 47 ደግሞ 2ኤች ይዟል። 3,980 ሲሲ፣ 6 ሲሊንደር፣ ወደ 105 የፈረስ ጉልበት። 1ኤችዜድ 4,164 ሲሲ ሆኖ ወደ 130 ይሰጣል። ልዩነቱ ዳገት ላይ ይታወቃል። ግን 2ኤች የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፣ በጥርስ ነው የሚሠራው። 1ኤችዜድ ቺንጋ አለው፤ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ያገለገለ 1ኤችዜድ የገዛ ሰው ሻጩ ምንም ቢል መጀመሪያ ቺንጋውን ይቀይር።

ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ጠዋት ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና አስነሱት። ውሃው ገና ሳይሞቅ አረፋ ደጋግሞ ከገፋ የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ጓርኒሲዮን አልቋል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። 2ኤች በሙቀት ቴስታታው የሚሰነጠቅ ሞተር ስለሆነ ይህችን አትዝለሏት። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን አንሱ። ከውስጥ ጭስ በኃይል እየተገፋ ከወጣ ሲሊንደሩና ቀለበቱ ተበልቷል። ሁለቱም ከሌሉ ያ ሞተር ገና ብዙ ይሠራል።

ጥቁር ጭስ ግን ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ዝቅተኛ አገር ከሚያገኘው ያንሳል። የናፍጣ ፖምፓው ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተለካውን ናፍጣ ይሰጣል። የተረፈው ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስንት ሰው ይህን አይቶ ጤነኛ ሞተር አውርዷል! ፖምፓውንና ኖዝሎቹን በመለኪያ ማሽን ለሚሠራ ባለሙያ ስጡ። በጆሮ እየሰማ በጠመንጃ መፍቻ የሚያስተካክል ቢረክስም አይበጅም። የመለኪያ ማሽን ያለው ሰው ቅርብ ካጣችሁ ፖምፓውን ፈትታችሁ አዲስ አበባ ብትልኩ ይሻላል።

አሁን ወደ ካምቢዮው። ብዙዎቹ ፒክአፖች ባለ 4 ማርሽ ናቸው፤ ዲፈረንሻላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4.11 ነው፤ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች አንዴ ሲዞሩ ወደ እነሱ የሚሄደው ዘንግ 4.11 ጊዜ ይዞራል። 7.50-16 ጎማ አድርጋችሁ በ80 ስትነዱ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,200 ይዞራል። ወረታ ሳትደርሱ ጆሯችሁ ይደክማል፤ ናፍጣውም ይሄዳል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ዲፈረንሻሉን በ3.70 መቀየር፤ ዙሩ ወደ 1,970 ይወርዳል። ሁለተኛው ኤች 55 ኤፍ የሚባለውን ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ መግጠም፤ በ5ኛ ማርሽ ወደ 1,850 ይወርዳል።

ዲፈረንሻሉ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ነው መካኒኮች ቶሎ የሚመክሩት። እኔ አልመክርም። 3.70 ሁሉንም ማርሽ በ10 በመቶ ያደክማል፤ አንደኛውንም ሁለተኛውንም። በጎንደር መንገድ እስከ አዲስ ዘመን ሜዳ ስለሆነ አይታወቃችሁም። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ጭነት ይዛችሁ ሲመጣ ግን ትረዱታላችሁ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ይብሳል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው ቁልቁለቱ። እዚያ መኪናውን የሚይዝላችሁ ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ብቻውን ይግላል። ኤች 55 ኤፍ የታችኞቹን ማርሾች ጉልበት ሳይነካ ከላይ አንድ ይጨምርላችኋል።

የያዛችሁት የትኛው ዲፈረንሻል እንደሆነ ሳትፈቱ ማወቅ ትችላላችሁ። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፤ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ግጠሙ። ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሌላኛው ጎማ ስለቆመ አንድ ሰው የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙር፤ ሌላው ዘንጉን ይቁጠር። ከ4 ዙር ትንሽ ካለፈ 4.11 ነው። 4 ሳይሞላ ከቀረ 3.70። ተፈትቶ ካገኛችሁት ጥርሱን ቁጠሩ፦ 37 በ9 ወይም 37 በ10። የፊቱና የኋላው አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የተለያዩ ከሆኑ ደረቅ መሬት ላይ ፎር ዊል ስታስገቡ ትራንስፈሩን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን) ትሰብራላችሁ።

ካምቢዮውን ስትገዙ ከነትራንስፈሩ ግዙ። እ.ኤ.አ. ከ1980 በፊት የነበረው ትራንስፈር ከኤች 55 ኤፍ ጋር አይገጥምም። ርዝመቱም ስለሚለይ የኋላው ዘንግ ያጥራል፣ የፊቱ ይረዝማል። ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ባሕር ዳር ላይ ጎበዝ ቶርኖ ቤት አይጠፋም፤ ዘንጉን ቆርጦ ከበየደ በኋላ ቶርኖው ላይ አዙሮ መጣመሙን የሚያሳያችሁን ምረጡ። በይዶ ብቻ የሚሰጣችሁን ተዉት፤ በ70 ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ክሮቼራውን (የዘንጉን መገጣጠሚያ) ይበላል።

ለገጠማው ራሱ፣ የቱሪስትና የመስክ ላንድክሩዘር ዘወትር የሚገባበት ጋራዥ ምረጡ። የቤት መኪና የሚበዛበት ጋራዥ ሰዎቹ ጥሩ ቢሆኑም ትራንስፈር የፈቱት ጥቂት ጊዜ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ግቢውን እዩ። የተፈታ ካምቢዮ መሬት ላይ አፈር ለብሶ ካያችሁ ሰላም ብላችሁ ውጡ። ውሉን ጻፉ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንደሚመልሱላችሁም አስገቡበት። እኔ አንድ ቦታ ያስወጣሁት ኦሪጅናል ሞተሪኖ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ዕቃ በተመለከተ መርካቶ ሶማሌ ተራን የሚያህል የለም። አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ «የአርባው» ብላችሁ ካስላካችሁ የስልሳው ይመጣላችኋል። ሞኤንኮ በሻንሲ ቁጥር ስለሚፈልግላችሁ ለማኅተምና ለጓርኒሲዮን እርግጠኛው እሱ ነው፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ፍሪሲዮን ላይ ኤግዘዲ ወይም አይሲን፣ ኩሽኔታ ላይ ኮዮ ወይም ኤንኤስኬ ብላችሁ ጠይቁ። ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ እዩ። ካምቢዮ አንዴ ከተከፈተ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ላይ መቆጠብ ጉልበት ማባከን ነው። ዘይቱ ለካምቢዮው ጂኤል 4፣ ለዲፈረንሻሉ ጂኤል 5 ይሁን።

ከወረታ ለጠየቅከኝ ወንድሜ፦ ሩዝ ስለምትጭን ተርቦ ያስፈልግሃል ወይ ብለሃል። 2ኤች ላይ ተርቦ መግጠም ይቻላል፤ በእኛ ከፍታም የጎደለውን አየር ይመልሳል። ግን የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይኖርህ ናፍጣ አታስጨምር፤ ፒስተን ያቀልጣል። ከዚያ በፊት ፍሬንህን አስተካክል። የፊቱ ድራም ከሆነ የ60 ሲሪሱን ዲስክ አስገባ። ከተርቦው ይልቅ እሱን አስቀድም።

ኤፍጄ 45፣ ማለትም ቤንዚኑ ላላችሁ፣ ነገሩ ይለያል። የቤንዚን ወጪው ካስመረራችሁ ወደ ናፍጣ መቀየር ያዋጣል፤ እዚያ ላይ 1ኤችዜድን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። አዲሱ ሞተር የግዢና የጉምሩክ ሰነድ ከሌለው ቢረክስም ተዉት። ሞተሩን ከማስወረዳችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቁጥሩ አልገጥም ካለ ቦሎ የለም። ከ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ እነዚህ አሮጌ መኪኖች ተፈላጊነታቸው ጨምሯል፤ ወረቀቱ የተበላሸ መኪና ግን ለመሸጥም ያስቸግራል።

ባትላሜራውን በመጨረሻ። ከሐይቁ አጠገብ እርጥበት አለ፤ የጋቢናው ወለልና የበሩ ሥር ቀድሞ ይበላል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስሂዱት። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ፤ ዝገት ላይ ስቱኮ የሚቀባን ሰው አትክፈሉት። በክረምት ቀለም አታስቀቡ። ካምቢዮውን በክረምት ጋራዥ አስገቡ፤ ቀለሙ ጥቅምት ሲገባ ይሁን፤ ካሶኒው ውስጥም ከመቀባቱ በፊት ጸረ ዝገት መደረጉን ቆማችሁ እዩ።