የምጽዋ–አስመራ የእንፋሎት ባቡር፦ የፊት ጎማው ለምን ለብቻው ይዞራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ! ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣውን የእንፋሎት ባቡር ቪዲዮ እያየሁ ነበር። የሞተሩ ጎማዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ኩርባ ላይ የፊተኛው ቡድን ለብቻው ወደ ጎን ይዞራል። ለምንድነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ሞተር ማሌት ይባላል፤ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አናቶል ማሌት የፈጠረው ነው። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ብቻ። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገቱ ጉልበት ይፈልጋል፣ ረጅም ሞተር ደግሞ ጠመዝማዛው ላይ አይታጠፍም፣ ስለዚህ የኋላው ጎማ ከዋናው አካል ጋር ተጣብቆ የፊተኛው እንዲዞር ተለቀቀ።

መልስ፦ ልጨምርበት። 442 የሚባሉትን የዚህ መስመር ማሌት ሞተሮች የጣሊያኑ ኩባንያ አንሳልዶ በ1938 እ.ኤ.አ. ነው የሠራቸው። እንፋሎቱ ሁለቴ ይሠራል! መጀመሪያ በከፍተኛ ግፊት የኋላ ሲሊንደሮችን ይገፋል፣ ከዚያ የፊተኞቹን ሰፋፊ ሲሊንደሮች። ውሃም ከሰልም ይቆጥባል።

መልስ፦ ለእኔ ትልቁ ነገር ሠራተኞቹ ናቸው። በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ጊዜ መስመሩ ተቋርጦ ሐዲዱ ለምሽግ ተነቀለ። ከነጻነት በኋላ ግን ጡረታ የወጡ አባቶች ተመልሰው፣ መለዋወጫውን እዚያው አስመራ ወርክሾፕ ውስጥ እየቀጠቀጡ ሞተሮቹን አስነሱ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ባቡሩ እንደገና አስመራ ገባ። ክብር ይገባቸዋል!