የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ስኳድሮን ውስጥ የነበረ ሰው እንዴት ነው የሚፈለገው?

አዲስ_ፈላጊ፦
ሰላም ቤተሰብ። የባለቤቴ አያት እንግሊዛዊ ናቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ ላንካስተር የሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የኋላ ተኳሽ ነበሩ ይባላል፣ በህይወት እያሉ ግን ስለዛ ነገር ትንፍሽ አላሉም። አሁን እቃቸው ሲለቀም አንድ ፎቶና ከአየር ኃይል ሲሰናበቱ የተሰጣቸው ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ላይ ስምና መለያ ቁጥር አለ፣ የትኛው ስኳድሮን (የአየር ኃይል ክፍል) ውስጥ እንደነበሩ ግን አይልም። ፎቶው ላይ አውሮፕላኑ ጎን ኤስ እና አር የሚሉ ፊደላት ይታያሉ፣ ስሩ ደሞ ስምንት ሰው ቆሟል። ላንካስተር ሰባት ሰው አይደል እንዴ የሚይዘው? ከየት ልጀምር?

ክንፉ፦
ኤስ አር የ101ኛ ስኳድሮን ኮድ ነው። ከ1943 (በፈረንጆቹ) አጋማሽ ጀምሮ ሊንከንሻየር ውስጥ ሉድፎርድ ማግና ነበር የሰፈሩት። ስምንተኛው ሰው ደሞ ነገሩን ያጠናክረዋል፣ ይሄ ስኳድሮን ጀርመንኛ የሚሰማ ተጨማሪ ሰው ይዞ ነበር የሚበረው፣ ስራው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ከመሬት የሚመራውን ሰውዬ ድምፅ ሬዲዮ ላይ ፈልጎ ማግኘትና በጩኸት ማፈን ነው። ከናዚ ሸሽተው የመጡ አይሁዶችም ነበሩበት፣ ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው አስበው። እስኪ ፎቶውን አጉላና የአውሮፕላኑን ጀርባ እይ፣ ሁለት ረዣዥም አንቴና ቆሞ ካየህ አለቀ። ከሌለ ግን አትቸኩል፣ ስምንተኛው ለልምምድ አብሮ የወጣ ፓይለት ወይም የመሬት ሜካኒክም ሊሆን ይችላል።

ሰነድ_አዳኝ፦
ክንፉ ጥሩ ብሏል፣ እኔ ወደ ወረቀቱ ልሂድ። ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ኤር 27 የሚባለው ምድብ የየስኳድሮኑ የዘመቻ መዝገብ ነው፣ ኦንላይንም ይገኛል። ሁለት አይነት ፎርም አለው፣ 540 የወሩን ወሬ በአጭሩ ይናገራል፣ አንተ የምትፈልገው 541 ነው፣ በየሌሊቱ የትኛው አውሮፕላን ማንን ይዞ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ተመለሰ፣ ምን አየ የሚለው እዛ ላይ ነው ያለው። ችግሩ ስሙ የሚጻፈው ባባት ስምና በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው፣ ታይፕ ያደረገው ሰው ደክሞት ይሁን ምን ስህተቱም አይጣል ነው፣ ስለዚህ አንዴ ካገኘሃቸው በኋላ እሳቸውን ትተህ ፓይለታቸውን ተከተል፣ ክሪው (ያንድ አውሮፕላን ሰዎች) ባብዛኛው አብሮ ነው የሚበረው፣ የሳቸው ስም የተበላሸበት ገፅ ላይ እንኳን በፓይለቱ ታገኛቸዋለህ። ሌላው ብዙ ሰው የሚሸወድበት የመለያ ቁጥሩ ነገር ነው፣ አንድ ሳጅን መኮንን ሲሆን አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ባንዱ ቁጥር ብቻ ፈልገህ የለም ብለህ እንዳትተወው።

ሰናይ፦
ይቅርታ ግን እነዚህ ሰዎች እኮ ከተማ ነው ያነደዱት፣ ሀምቡርግ በ1943 ምን እንደሆነች ይታወቃል። ጀግና እንዳታደርጓቸው ብዬ ነው።

ሰነድ_አዳኝ፦
@ሰናይ ማን ጀግና አላቸው? ልጁ አያታቸው የት እንደነበሩ ነው የጠየቀው። ባይሆን ሁለቱንም አንብብ፣ ከ125,000 ገደማ የቦምበር ኮማንድ (የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ዕዝ) በራሪ 55,573ቱ ሞተዋል፣ ሰውየው ዝም ያሉበት ምክንያት ከታች ስለሞተው ሰውም ከጎናቸው ስለጠፋው ጓደኛም ሊሆን ይችላል፣ አንተም እኔም አናውቅላቸውም።

አዲስ_ፈላጊ፦
ክንፉ አንቴናዎቹ አሉ!! ሁለቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ እኔ እስካሁን ከኋላ ያለ ምሰሶ መስሎኝ ነበር። ደረታቸው ላይ ያለው የግማሽ ክንፍ ምልክት ደሞ ኤ ጂ ይላል መሰለኝ። ቤተሰብ ውስጥ የሆነ ሰው ጋር ሎግቡካቸው (የበረራ መዝገባቸው) አለ የሚል ወሬም አለ፣ እሱን እያፈላለግን ነው። ሊንከን ያለው የቦምበር ኮማንድ ማዕከል ዳታቤዝ ላይ ግን ስማቸውን አጣሁት።

ክንፉ፦
ኤ ጂ ከሆነ ተኳሽ ናቸው፣ ቤተሰቡ ልክ ነው። የሊንከኑ ዳታቤዝ በዋናነት የሞቱትን ነው የሚይዘው፣ እሳቸው ተርፈው ቤታቸው ገብተዋል፣ ባይኖሩበት አይገርምም። ይልቅ ፓይለቱንና የቀሩትን እዛ ላይ ፈልጋቸው።

ሰነድ_አዳኝ፦
ሎግቡኩ ከተገኘ በቀይ ቀለም የተጻፈው የሌሊት በረራ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ልቀመው። አንድ የአገልግሎት ዙር ብዙ ጊዜ 30 ዘመቻ ስለሆነ ያን ያህል አይበዛብህም፣ ቀኖቹን ይዘህ 541 ላይ አንድ በአንድ አመሳክር። የገፁን ፎቶ እዚህ ከለጠፍክ አብረን እናነበዋለን፣ የእንግሊዞቹ የእጅ ጽሁፍ መከራ ነው።