ደብረ ብርሃን ዳር የቤት ማኅበር ቦታ ላይ ገልና አመድ ታየ፤ የሙከራ ቁፋሮው እንዴት ይሁን?

የማኅበር ጸሐፊ
ጤና ይስጥልን። ቦታው 2 ሄክታር፣ መረሬ (ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) መሬት ነው፤ በላይኛው ጫፍ የድንጋይ ክምር አለበት። ለአፈር ምርመራ በተቆፈረ ጉድጓድ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ገል፣ አመድና የቀላ አፈር ታየ። ሥራው ቆሟል፣ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም አሳውቀናል። መሠረቱ 1 ሜትር ብቻ ስለሚወርድ ቤቶቹ የሚቆሙበትን ብቻ መፈተሽ አይበቃም?

ካዙላ
አይበቃም። መረሬ ላይ ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ በሰሌክት ማቴሪያል (ከሌላ ቦታ በሚመጣ የተመረጠ ሙሌት) ይተካል። መንገዱ፣ የፍሳሽ መስመሩና ሴፕቲክ ታንኩ ሲታከሉበት ሳይነካ የሚቀር መሬት የለም። መጀመሪያ ከመሐንዲሱ የጥርጊያውን ፕላን ተቀበሉ፤ የሚፈተሸው አፈር የሚነሳበት ሁሉ ነው።

2 ሄክታር 20,000 ካሬ ነው። ለሙከራ 3 በመቶውን ብትከፍቱ 600 ካሬ ነው፣ ማለትም 2 በ20 ሜትር የሆኑ 15 ትሬንቾች (ረጃጅም የሙከራ ቦዮች)። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አትደርድሯቸው፤ ከነሱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ግንብ በመሃል ያመልጣል። ሁለት ሦስቱን ደግሞ ሳትቆፍሩ አቆዩ፤ አንድ ነገር በታየበት ቦታ ለማስፋት ይጠቅማሉ።

ኤክስካቫተሩ ጥርስ የሌለው ባኬት ይግጠም፣ ጥርስ ያለው ወለሉን እንደ ማረሻ ይተልመዋል። 10 10 ሳንቲ ሜትር እየላጠ ወደ ኋላ ይሂድ፣ የተከፈተው ላይ አይቁም። አርኪኦሎጂስቱ ባኬቱን እያየ የቀለም ለውጥ ሲመጣ ያስቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው በግንበኛ ካዙላና በወንፊት ነው። 5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይበቃል፣ ግን እርጥብ መረሬ አያልፍበትም፤ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠብ ነው። ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ከተወረደ ግድግዳው በደረጃ ይቆረጥ፣ መረሬ ሳይታሰብ ይናዳል።

ሲባጎ
የቀላውን አፈር ምድጃ ነው ለማለት አትቸኩሉ። በዚህ አገር ለገብስ አፈር ከምሮ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። እሱ ግን በማረሻ ስለሚበተን ላይኛው አፈር ውስጥ ፍርፋሪ ሆኖ ይገኛል። ምድጃ ከሆነ ከሥሩ ያለው መሬት ራሱ እንደ ሸክላ ቀልቶ፣ አመዱ ላዩ ላይ ይተኛል።

ገሉም ያሳስታል። መረሬ በበጋ ሲሰነጠቅ የላዩ ገል ወደ ታች ይገባል። አቀማመጡን እዩ፤ በጠርዙ የቆመ ከሆነ በስንጥቅ የወረደ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ በጀርባቸው ከተኙ የድሮ ወለል ሊሆን ይችላል። ለዕድሜ የሚወሰድ ከሰልም ከስንጥቅ አይለቀም፤ በእጅ ሳይነካ በአልሙኒየም ፎይል ይጠቅለል።

ጥቁር አፈር ውስጥ ተቆፍሮ በጥቁር አፈር የተሞላ የድሮ ጉድጓድ ሲደርቅ አይታይም። ወለሉን በካዙላ ልጣችሁ በመርጫ ውሃ አርከፍክፉ፤ እኩል አይደርቅም፣ ያኔ ጠርዙ ይወጣል። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ቆይቶ መሬቱ ጡብ ይሆናል።

የማኅበር ጸሐፊ
ክምሩንስ በዶዘር ገፋ አድርገን ብናየው?

ካዙላ
በፍጹም! መንዝ ላይ ተመሳሳይ ጉብታዎች ተቆፍረው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ መቃብሮች ሆነው ተገኝተዋል፤ የሠሯቸው ሰዎች ባህል የሻይ ባህል ይባላል፣ ከሻይ ቤት ጋር አይገናኝም። ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ድንበር ላይ፣ ቅርጽ ሳይኖረው የተጣለ ነው። ክብ ከሆነና ዙሪያውን የተደረደረ ትልልቅ ድንጋይ ካለው አጥሩት። ሣሩ በእጅ ይነሳ፣ ፎቶና ፕላን ይሠራ፣ የሰው አጥንት ከታየ ይሸፈን።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር ክልክል ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ የማኅበሩ ድርሻ ማሽን፣ ውሃ፣ የቀን ሠራተኛና የሌሊት ዘበኛ ማቅረብ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ አፈር የተመለሰበት ትሬንች ልል ነው። የእያንዳንዱን ትሬንች አራት ማዕዘን ኮኦርዲኔት ለመሐንዲሱ ስጡት፤ ሳያውቅ የኮለን (የምሰሶ) መሠረት ካሳረፈበት ቤቱ በአንድ ጎን ይሰምጣል።