ጭቃ ንስሐ ይገባል እንዴ? (ኤርምያስ 18)

ታናሽ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ መጠጥ ከያዘው ቆይቷል። ትናንት ማታ እናታችን «ልጄ፣ ንስሐ ግባ» ስትለው ሮሜ 9ን ጠቀሰባት። «እማዬ፣ እኔ ጭቃ ነኝ። ጭቃ ሠሪውን ምን ይለዋል? ያበላሸኝም እሱ፣ የሚያበጀኝም እሱ» አላት። እማዬ ዝም አለች። እኔም መልስ አጣሁ። እግዚአብሔር ነቢዩን ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት የላከበትን ኤርምያስ 18ን ሳነበው ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሁሉም በሸክላ ሠሪው እጅ ከሆነ «ተመለሱ» ማለት ምን ይባላል?

የቀጨኔ ልጅ፦
እህቴ፣ ሰባኪ አይደለሁም። ግን ያሳደገችኝ አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። (ሰዉ ቡዳ ይላታል፤ ጀበናዋን ግን ተሻምቶ ይገዛል። ይሄ ሌላ ወሬ ነው።) ኤርምያስ ያየው ሰውዬ በመንኮራኩር ይሠራ ነበር፤ እሷ በእጇና በአንዲት ለስላሳ ድንጋይ ነው። የጀበናውን አንገት ስታወጣ አንዳንዴ ጭቃው ይዝልና ዘንበል ይላል። «እምቢ አልክ?» ትለዋለች። አትጥለውም። ጨፍለቅ ታደርገውና ውሃ ነካ አድርጋ እንደገና ታሸዋለች። ጀበና ሊሆን የነበረው ድስት ሆኖ የወጣበት ቀን ብዙ ነው።

ቁጥር 4 ይሄው ነው። ዕቃው በሠሪው እጅ ተበላሸ፤ ሠሪውም መልሶ ሌላ ዕቃ አድርጎ ሠራው። ወንድምሽ «ተበላሸ» የሚለው ጋ ሲደርስ መጽሐፉን ዘጋው።

ደግሞ ምሳሌውን የፈታው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ከቁጥር 7 እስከ 10 አንብቢው። አፈርሰዋለሁ ያልኩት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ ያሰብኩበትን እተዋለሁ፤ እተክለዋለሁ ያልኩትም ክፉ ቢያደርግ በጎውን አስቀርበታለሁ ይላል። «ቢመለስ» ለጭቃ አይባልም። ነነዌን እይ። ዮናስ «ብትመለሱ» የምትል ቃል እንኳ አልጨመረም፤ በ40 ቀን ትገለበጣለች ብቻ ነበር ያለው። ተመለሱ፣ ተረፉ።

አንባቢ፦
ጥሩ ብለሃል፤ ሮሜ 9ን ግን ዘለልከው። ጳውሎስ ሠሪው በጭቃው ላይ ሥልጣን አለው ሲል የምሩን ነው፤ ማለሳለስ አያስፈልግም። ለእህታችን ግን 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥21ን ልጨምር። እዚያም ለክብርና ለውርደት የሚሆኑ ዕቃዎች አሉ፤ «ማንም ራሱን ቢያነጻ» ለክብር ዕቃ ይሆናል ይላል። ራሱን! ኤርምያስ 19ንም አትርሱ። እዚያ ገንቦው በእሳት ተተኩሷል። ነቢዩ በሄኖም ልጅ ሸለቆ ሰበረው፤ ሊጠገን አይችልም ተባለ።

የቀጨኔ ልጅ፦
እሱ እውነት ነው። እርጥብ ሳለ ነው የሚታሸው፤ ከእሳት የወጣ አይታሽም። አያቴ ግን ገሉንም ወቅጣና ነፍታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ታቦካው ነበር፤ ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ። ይሄ እንኳ ከአያቴ ጓሮ ነው እንጂ ከመጽሐፉ አይደለም፤ እንዳትጠቅሱብኝ።

ታናሽ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሳነበው ቁጥር 12 ላይ ቆምኩ። «ተስፋ የለም፤ እንዳሰብን እንሄዳለን» የሚሉት ሰዎቹ ናቸው እኮ፤ ሠሪውማ ከላይ «ተመለሱ» እያላቸው ነው። እሷን ቁጥር ብቻ በቴሌግራም ላኩለት። አንብቧታል። እስካሁን ምንም አልመለሰም።