በ1/500 ሳነሳ የፎቶው አንድ ጎን ይጠቁራል፤ የሻተሩን ፍጥነት ቤት ውስጥ እንዴት ልለካ?

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩት ሶቪየት ሠራሽ ባለ 35 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ አለኝ። ሻተሩ (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውና የሚዘጋው ክፍል) ወደ ጎን የሚሮጥ የጨርቅ መጋረጃ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ እና ቢ (ጣት እስኪነሳ ክፍት የሚቆይበት) ብቻ ነው። ባለፈው ወር የባቡር ጣቢያውን ፊት ለፊት በቀትር ፀሐይ በ1/500 ያነሳኋቸው ፎቶዎች በሙሉ በቀኝ ጎናቸው ጠቁረው ወጡ፤ ሰማዩ በግራ በኩል ደህና ሆኖ ወደ ቀኝ ሲሄድ የመሸ ይመስላል። በዚያው ጥቅልል ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር በ1/125 ያነሳኋቸው ግን እንከን የላቸውም። አንድ ጠጋኝ ካሜራውን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሁለት ጊዜ ካስጮኸው በኋላ «ስፕሪንጉ ይጠበቅ» አለኝ፤ ሳይለካ የሚጠብቅ ነገር ስላስፈራኝ ይዤው ተመለስኩ። ተጨማሪ ፊልም ሳላባክን ፍጥነቱን ቤቴ ልለካ የምችልበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ባለ ብየዳው፣ ድሬዳዋ

ሳይለካ አለማስነካትዎ ትክክል ነው። የእኔ ሥራ የሬዲዮና የስልክ ጥገና ነው፤ ካሜራ የትርፍ ጊዜዬ ነው። ይሁንና ለዚህ ልኬት የሚያስፈልገው ዕቃ የሚገኘው ከእኔ ዓይነቱ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ጆሮው የሞተ፣ ማይክ ያለው የስልክ ማዳመጫ ይፈልጉ፤ ማይኩን አውጥተው በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ባለ ሁለት እግር ፎቶትራንዚስተር (ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ይበይዱ። ስልኩ ለማይኩ የሚልከው ትንሽ ቮልቴጅ ለእሱም ይበቃዋል፤ ምልክት ካላገኙ እግሮቹን ያቀያይሩ። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የሚነቀለውን ባለ ሦስት እግር የሪሞት መቀበያ ግን አይሞክሩት። እሱ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለሻተር ብርሃን መልስ አይሰጥም፤ እኔን ግማሽ ቀን ያደከመኝ እሱ ነው።

ከዚያ ሌንሱን ፈትተው፣ የኋላ ክዳኑን ከፍተው፣ ፎቶትራንዚስተሩን 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ በተበሳ ጥቁር ወረቀት ሸፍነው ፊልሙ ከሚያርፍበት መስኮት ጋር በተቻለ መጠን ያስጠጉት። ከፊት በኩል ጠንካራ የእጅ ባትሪ ወይም በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ይበቃል። የቤት አምፖል አይሆንም፤ መስመራችን 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ እየደመቀ ይደበዝዛል፣ ያም ከሻተሩ ምልክት ጋር ይደበላለቃል። እርግጥ ይኸው ጉድለት ለሌላ ነገር ይጠቅማል፦ መጀመሪያ አምፖሉን ብቻ ቀድተው የሚታዩት ሞገዶች በ10 ሚሊሰከንድ ልዩነት መምጣታቸውን ካረጋገጡ፣ የመለኪያዎን ትክክለኛነት ፈተሹ ማለት ነው።

ማዳመጫውን ስልክዎ ላይ ሰክተው ምልክቱን እንደ ድምፅ በማይታመቅ ፋይል፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይቅዱና ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ይክፈቱት። መጋረጃው ሲከፈት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሲዘጋ ወደ ተቃራኒው የሚዘል ሹል መስመር ያያሉ። 1/500 ማለት 2 ሚሊሰከንድ ነው፤ በናሙና ሲቆጠር 88 ገደማ ይሆናል። መነሻውንም መድረሻውንም ሹሉ ቁመቱ ግማሽ ላይ በደረሰበት ነጥብ ይያዙ። ምክንያቱም በዚህ ፍጥነት ሁለቱ መጋረጃዎች (የመጀመሪያው ከፋች፣ ሁለተኛው ዘጊ) መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አይከፍቱትም፤ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ትተው እየተከታተሉ ይሮጣሉ። ለምሳሌ መጋረጃው 36 ሚሊሜትሩን በ20 ሚሊሰከንድ ቢያቋርጥ ክፍተቱ 3.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ የእርስዎን ቀዳዳ ለማለፍም ጠርዙ ግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ስለዚህም ልኬቱን መሐል ላይ ብቻ አይውሰዱ፤ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ እየለዩ በእያንዳንዱ ፍጥነት ቢያንስ ዐሥር ጊዜ ይልቀቁት።

አባ ኔጋቲቭ፣ ሐረር

ልጄ፣ ሻተሩን ከመክሰስህ በፊት ኔጋቲቩን እይልኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚህ ሐረር ሆኖ ራሱን ያነሳቸውን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውሃ የተነሳ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእጥበቱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው የእጥበት ኬሚካል) እኩል ባለመድረሱ የመጣ ከሆነ ጥላው ከምስሉ አልፎ ቁጥሮቹ ወዳሉበት የፊልሙ ጠርዝ ይዘልቃል፤ ከሻተሩ ከሆነ ግን ከምስሉ ክልል አይወጣም።

ብየዳ ለማይሆንለት ሰው ደግሞ ጀርባው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን አለ፤ ጠፍጣፋው አይሠራም። በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት አንዱ የብርሃን ነጥብ ማያውን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች በ20 ሚሊሰከንድ ይጠርገዋል። ስለዚህ ሻተሩ በ1/125 ሲከፈት ከቁመቱ አራት ዐሥረኛ ያህል፣ በ1/500 አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ በርቶ ይያዛል። ፊልም አያስፈልግም፤ ሌንሱን ሳትፈታ፣ ክፍሉን አጨልመህ፣ በፊልሙ መስኮት ላይ ትሬሲንግ ወረቀት ለጥፍና ከኋላ በስልክህ ካሜራ በሁለት ሰከንድ መጋለጥ አንሳው። እንደ አንተ ባለው ወደ ጎን በሚሮጥ መጋረጃ የበራው ክፍል ዘመም ያለ መቀነት ሆኖ ይታያል። መቀነቱ በየትኛውም ቦታ ከላይ እስከ ታች ያለው ውፍረት በዚያ ቦታ ብርሃን የገባበትን ጊዜ ይነግርሃል፤ አንዱ ጫፉ ቀጥኖ ካገኘኸው ነገሩ ታወቀ። አንዱ ጠርዝ ብዥ ቢልብህ አትደንግጥ፤ ማያው ላይ ያለው ፎስፈር ቶሎ ስለማይጠፋ ነው።

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ኔጋቲቩን አየሁት፤ ጥላው ከምስሉ አይወጣም። ብየዳውንም ጎረቤቴ ረድቶኝ ዛሬ ለካሁ። መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ፎቶው የጠቆረው በቀኝ ሆኖ ሳለ መስኮቱን ከኋላ ሳየው አጭሩ ጊዜ የተገኘው በግራ ነው። ኋላ ላይ ሌንሱ ምስሉን ገልብጦ እንደሚያሳርፈው ትዝ አለኝና ሁለቱ ገጠሙ። የዐሥር ልቀት አማካዩ እንዲህ ነው። በ1/500 በግራ 1.3፣ በመሐል 2.0፣ በቀኝ 2.7 ሚሊሰከንድ፤ በ1/250 በግራ 3.3፣ በቀኝ 4.7፤ በ1/125 በግራ 7.4፣ በቀኝ 8.8። ያልገባኝ አንድ ነገር፣ በ1/125 ላይም ልዩነቱ እያለ ፎቶው ለምን ደህና ይመስላል?

ባለ ብየዳው፣ ድሬዳዋ

ቁጥሮችዎን ሲቀናንሷቸው በሦስቱም ፍጥነት የግራና የቀኝ ልዩነት ያው 1.4 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለተኛው መጋረጃ ከመጀመሪያው ስለሚፈጥን በመንገድ ላይ ይህን ያህል ይደርስበታል፤ የሚደርስበት ጊዜ ደግሞ የፍጥነቱን ቁልፍ የትም ቢያዞሩት አይለወጥም። ከ8 ሚሊሰከንድ ላይ ሲታይ የሩብ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ልዩነት ነው) ያህል ስለሆነ ዓይን አይለየውም፣ ከ4 ላይ ግማሽ ስቶፕ ይሆናል፣ ከ2 ላይ ግን አንዱ ጎን የሌላውን እጥፍ ብርሃን አገኘ ማለት ነው። መሐሉ ልክ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ መሐሉን ብቻ የሚለካ ሰው ካሜራው ጤነኛ ነው ብሎ ይመልስልዎ ነበር።

የመጀመሪያው መጋረጃ ተጎትቶ ወይም የሁለተኛው ስፕሪንግ ከልክ በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ የደረቀ ቅባትም መጋረጃን ያዘገያል። በጭፍን አንዱን ስፕሪንግ ማጥበቅ መሐሉንም ያበላሻል። ሌላ ቀን በማለዳና በቀትር ሙቀት ደግመው ይለኩ፤ ከልቀት ልቀት የሚዋዥቅ ከሆነ ጽዳት ይፈልጋል፣ ሁልጊዜ ያው ከሆነ ግን ዐውቀውት ሊኖሩ ይችላሉ። እስከዚያው 400 አይኤስኦ (ለብርሃን ይበልጥ የሚነቃ) ፊልም በድሬዳዋ ቀትር አይጫኑበት፤ ሌንስዎን እስከ ኤፍ 16 ቢያጠቡትም 1/500 ግድ ይልዎታል። በ100 አይኤስኦ ያው ፀሐይ በኤፍ 16 እና በ1/125 ይነሳል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ካሜራዎ ደህና ነው።

አባ ኔጋቲቭ፣ ሐረር

ጥሩ ለካህ። ቁጥሮቹን በትንሽ ወረቀት ጽፈህ ከካሜራው ሥር ለጥፋቸው፤ ካሜራውን ለሚከፍተው ሰውም መነሻ ይሆኑታል። ቴሌቪዥኑ እኔ ዘንድ አለ፤ ወደ ሐረር ስትወጣ ካሜራውን ይዘህ ና፣ መቀነቱን አብረን እናየዋለን። መብራት መኖሩን ግን ከመነሳትህ በፊት ደውለህ ጠይቀኝ።