«ብሎከር»ን ለአንዲት እናት እንዴት ላስተርጉም? ስለ ታዳጊዎች የፆታ ሽግግር ሕክምና

ጠያቂ፦ አስተርጓሚዋ (ሲያትል)

ሰላም ለሁላችሁ። በሲያትልና በአካባቢው ባሉ ሆስፒታሎች ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ማስተርጎም ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ወሊድ ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅ አልደናቀፍም። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንዲት ጠባብ የምርመራ ክፍል ውስጥ ቃል አጣሁ። የምስጢር ግዴታ ስላለብኝ ቤተሰቡን የሚያሳውቀውን ዝርዝር ሁሉ ቀይሬዋለሁ፤ ያልቀየርኩት የቋንቋውን ችግር ብቻ ነው።

በክፍሉ ውስጥ የነበርነው የ12 ዓመት ልጅ፣ እናት፣ የሆርሞን ሐኪምና እኔ ነን። ልጁ በተወለደበት ፆታ መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ ሁለት ዓመት አልፎታል («ልጁ» የምለው ሰዋስዉ አስገድዶኝ እንጂ ወገን ይዤ አይደለም)። ሐኪሙ «ዛሬ እንዴት ነህ» ወይም «እንዴት ነሽ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ ምንም አልከበደውም፤ እኔ ግን አፌን ሳልከፍት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። አንዱን ብል ልጁ ይከፋል፣ ሌላውን ብል እናቲቱ። በመጨረሻ «እንዴት ነዎት» ብዬ በአንቱታ አመለጥኩ፤ እናትየዋ ለ12 ዓመት ልጇ አንቱ ሲባል ሰምታ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ፈገግ አለች።

ቀጥሎ ጉርምስና መጣ። በቋንቋችን ወንድ ለአቅመ አዳም፣ ሴት ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች፤ ለሁለቱም እኩል የሚሆን የቤት ቃል ፈልጌ አጣሁና «ጉርምስና» ብዬ አለፍኩ። «ሥርዓተ ፆታ» ብል ደግሞ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ስብሰባ ላይ እንዳለን ያህል ይሰማል። ከሁሉ የከፋው «ብሎከር» የተባለው መድኃኒት ነበር። «ጉርምስናን የሚያግድ መርፌ» ብዬ ገና ሳልጨርስ እናትየዋ «ልጄን ልታመክኑብኝ ነው?» ብላ ከወንበሯ ተነሣች። ደንግጬ «የሚያዘገይ» ብዬ ሳስተካክል ደግሞ እንደ ጉንፋን ሽሮፕ ቀለል አድርጋ ያዘችው፤ ያም ልክ አይደለም። የአንድ ግሥ ምርጫዬ ፊርማዋን ወዲህም ወዲያም ሊወስደው እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሁለተኛ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ይህን ሕክምና ማግኘት አለበት ብላችሁ ታምናላችሁ? በሥራዬ ላይ የራሴን አስተያየት መስጠት አይፈቀድልኝም፤ ነገር ግን እኔም የልጆች እናት ነኝና ቤቴ ስገባ ጥያቄው አብሮኝ ይገባል።

መልስ፦ የመድኃኒት ባለሙያ (ሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ የመድኃኒቱን አሠራር ካወቅነው ቃሉ ራሱ የሚመጣ ይመስለኛል። በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል በየተወሰነ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ፒቱታሪ የተባለችውን ዕጢ ይቀሰቅሳታል፤ እርሷም በተራዋ የሴቷን እንቁላል አመንጪ ዕጢ ወይም የወንዱን የዘር ፍሬ ሥራ ታስጀምራለች። ሊውፕሮላይድና ትሪፕቶሬሊን የሚባሉት መርፌዎች ይህንኑ መልእክት ያለማቋረጥ ሲያጎርፉት ዕጢዋ ትሰለችና መልስ መስጠት ታቆማለች። ቀኑን ሙሉ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቁጠሪው፤ ከጊዜ በኋላ ማንም አይከፍትለትም። መርፌው ሲቋረጥ ዕጢዋ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ትመለሳለች። ስለዚህ «ባለበት የሚያቆም» ማለት «ከሚያግድ»ም «ከሚያዘገይ»ም የተሻለ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ከ8 ዓመት በፊት ጡት ማብቀል ለጀመረች ሴት ልጅ፣ ከ9 ዓመት በፊት ጉርምስና ለጀመረው ወንድ ልጅ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል፤ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው አዛውንቶችም ይወስዱታል። ያለ ጊዜው የመጣ ጉርምስናን ማቆምና በጊዜው የመጣውን ማቆም ግን አንድ አይደሉም። አጥንት ከፍተኛውን ጥንካሬ የሚያከማቸው በጉርምስና ዘመን ነው፤ ያ ዘመን ባለበት ሲቆም የአጥንቱ ክምችትም ከእኩዮች ወደ ኋላ ይቀራል።

ሰዎች ሲከራከሩ ሦስቱን ሕክምና አንድ ላይ ስለሚጨፈልቁት ነው የማይግባቡት። በ1990ዎቹ በኔዘርላንድስ የተዘጋጀው የሕክምና መርሐ ግብር ማቆሚያውን መርፌ ከ12 ዓመት ጀምሮ፣ ቴስቶስቴሮን ወይም ኢስትሮጅንን ከ16፣ ቀዶ ሕክምናን ከ18 ዓመት በኋላ ነበር ያደረገው። ቴስቶስቴሮን የሚያጎረንነው ድምፅ ሆርሞኑ ቢቆምም አይመለስም፤ ኢስትሮጅን ያበቀለው ጡትም እንዲሁ። ጉርምስናው ገና ሲጀምር ቆሞ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆርሞን ከተሸጋገረ እንቁላሉ ወይም የዘር ፈሳሹ ሳይበስል ስለሚቀር መውለድ አለመቻል ሊመጣ ይችላል። እናም የዚያች እናት ጥያቄ የመሃይም ጥያቄ አልነበረም። መርፌው ብቻውን አያመክንም፤ መንገዱ እስከ መጨረሻው ከተሄደበት ግን ያሰጋል።

በእኔ እምነት ረጅም ምርመራ ተደርጎ፣ የአእምሮ ሐኪምም ወላጅም ተስማምተው ለጥቂት ልጆች መርፌው ሊፈቀድ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው ግን 18 ዓመት ይጠብቅ።

መልስ፦ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ (ለንደን)

ወንድሜ በሚገባ አስረድተኸናል፤ እኔ ግን «ለጥቂት ልጆች» የሚለው ላይ እቆማለሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር የተጀመረው ለጥቂቶች ተብሎ ነበር። የታቪስቶክ የልጆች የፆታ ማንነት ክሊኒክ በ1989 ሥራ ሲጀምር ብዙም የሚያውቀው አልነበረም። በ2011ና 2012 መካከል ወደ እርሱ የተላኩት ልጆች ከ250 ያነሱ ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በአንድ ዓመት ብቻ ከ5,000 በላይ ሆኑ። ቀድሞ የሚበዙት በወንድነት የተወለዱ ልጆች ሲሆኑ ኋላ ላይ የሚበዙት በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሆኑ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም ኦቲዝም ነበረባቸው። የኔዘርላንዱ መርሐ ግብር የተፈተነው ግን በጥንቃቄ በተመረጡ ሌላ ዓይነት ልጆች ላይ ነው። ለአንዱ ሕመምተኛ የተሰፋ ልብስ ለሌላው የተሰጠ ያህል ነው።

የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሂላሪ ካስ ይህን አገልግሎት ለአራት ዓመት ያህል መርምረው በሚያዝያ 2024 የመጨረሻውን ሪፖርት አወጡ። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናቶቹን ሁሉ ሰብስበው ሲመዝኑ፣ መርፌውም ሆርሞኑም ለልጆች ስለሚያመጣው ጥቅም ያለው ማስረጃ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ክሊኒኩ ከሪፖርቱ በፊት በመጋቢት ተዘጋ፤ ማቆሚያውን መርፌ ለዚህ ዓላማ ለአዲስ ልጆች መስጠትም በዚያው ዓመት ታገደ። ፊንላንድና ስዊድን በ2020ና በ2022 ከዚያ በፊት ወደ ጥንቃቄው ተመልሰው ነበር፤ እነዚህ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ወግ አጥባቂ የሚባሉ አገሮች አይደሉም። ሆኖም ካስን ሁሉም ለራሱ እንደሚስማማው ይጠቅሳቸዋል። ሕክምናው ለማንም አይጠቅምም አላሉም፤ ለአንዳንድ ወጣቶች ትክክለኛው መንገድ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል፣ መርፌውም በጥናት ሥር እንዲሰጥ መክረዋል።

ከኔዘርላንድስ በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በልጅነታቸው መርፌውን ወስደው ወደ ሆርሞን ከተሸጋገሩ 720 ሰዎች መካከል 98 በመቶው ሆርሞኑን መውሰዳቸውን እንደቀጠሉ አሳይቷል። አንዱ ወገን «አያችሁ፣ አይጸጸቱም» ይላል፤ ሌላው «አንዴ የገባ አይወጣም ማለት ነው» ይላል። ቁጥሩ ያው አንድ ቁጥር ነው።

እህቴ፣ ለዚያች እናት «ካልፈረምሽ ልጅሽ ራሱን ያጠፋል» ያላት ሰው ካለ እባክሽ ሐኪሙ ፊት ለፊት እንዲመልስበት አድርጊ። እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ይልቅ በድብርትና ራስን በማጥፋት ሐሳብ እንደሚሠቃዩ እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ራስን ማጥፋትን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ነገር የለም። በ2020 በፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት መርፌው ከተገደበ ወዲህ ብዙ ልጆች ራሳቸውን አጥፍተዋል የሚል ወሬ በተነዛ ጊዜ የመንግሥቱ አማካሪ ፕሮፌሰር ሉዊስ አፕልቢ በሐምሌ 2024 መረጃውን መርምረው ወሬውን የሚደግፍ ነገር እንደሌለ ገልጸዋል። እናትን በልጇ ሞት እያስፈራሩ ማስፈረም ነውር ነው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት (ዳላስ)

እኔ ብዙ አልጽፍም። ቴክሳስ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህን ሕክምና ከልክላለች፤ በእኔ አስተያየት ደግ አድርጋለች። ያለ ዕድሜው ንቅሳት የማይፈቀድለት ልጅ መውለድ መቻሉን እንዲወስን እንዴት ይጠየቃል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2025 የቴነሲ ግዛትን ተመሳሳይ ሕግ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ አጽንቶታል። እናንተ ሲያትል ያላችሁ ግን እዘኑልን፤ እዚያ ወላጅ እንቢ ካለ መንግሥት ልጁን ይነጥቃል ሲባል ሰምተናል።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ (ሲያትል)

ወንድሜ፣ ይህን ወሬ በቤተ ክርስቲያን ግቢም በታክሲ ወረፋም ሰምቼዋለሁ፤ እንደተባለው ግን አይደለም። በ2023 የወጣው የዋሽንግተን ሕግ የሚመለከተው ከቤት ጠፍተው ፈቃድ ባለው መጠለያ የተጠጉ ልጆችን ነው። ልጁ እንዲህ ያለ ሕክምና ፈልጎ የመጣ ከሆነ መጠለያው በወላጅ ፋንታ ለልጆች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ቤተሰቡን ለማስታረቅ የሚረዳ አገልግሎት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ሕጉ ቅር ያሰኘው ወላጅ ብዙ ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልወደድኩትም። ነገር ግን ቤቱ ካለ ልጅ ላይ ማንም መጥቶ አይነጥቅም። እኔ በገባሁበት ክፍል ሐኪሙ ያለ እናትየዋ ፊርማ መርፌውን አይሰጥም ነበር፤ እንዲያውም የጨነቃት ፊርማው በእጇ መሆኑ ነው።

ስለ ፍርድ ቤቱም አንድ ነገር ልጨምር። ቴነሲን ከከሰሱት መካከል ወላጆች ይገኙበታል፤ ስለ ልጃችን ሕክምና የምንወስነው እኛ ነን ብለው። ፍርድ ቤቱ የተቀበለው ግን የእኩልነትን ጥያቄ ብቻ ስለነበር የወላጅን መብት ሳይነካው አለፈ። ሕክምናው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብሎም አልፈረደም፤ ክርክሩን ለየግዛቱ ሕግ አውጪ ነው የተወው። ግዛቶቹም እንደየራሳቸው ነው የሄዱት፤ በ2023 ጆርጂያ ሆርሞኑንና ቀዶ ሕክምናውን ከልክላ ማቆሚያውን መርፌ ሳትከለክል ቀረች፣ የእናንተዋ ቴክሳስ ደግሞ ሁሉንም ከለከለች። በትምህርት ቤት ጉዳይ «ልጄን የማውቀው እኔ ነኝ፣ መንግሥት አይግባብኝ» የምንል ሰዎች እዚህ ላይ መንግሥት ይግባ ስንል ቢያንስ ለምን እንደሆነ ለራሳችን ማስረዳት ያለብን ይመስለኛል።

መልስ፦ ስሜን አልጽፍም (ቶሮንቶ)

ይህን ገጽ ሳነብ ሁላችሁም ስለ እኔ እንጂ ከእኔ ጋር እንደማትነጋገሩ ተሰማኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩ። 26 ዓመቴ ነው። ወንድ ተብዬ አደግሁ፣ ዛሬ በሴትነት እኖራለሁ። ለቤተሰቤ የተናገርኩት በ13 ዓመቴ ነው፤ «ይለፍልህ፣ ጸበል ግባ» ተባልኩ፣ ገባሁም። አባቴና እናቴ ክፉዎች አልነበሩም፣ ፈርተው ነው። ኢስትሮጅን የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነው።

ለመጠበቅ ዋጋ የለውም ብላችሁ እንዳታስቡ። በ14 ዓመቴ ድምፄ ጎረነነ፤ ኢስትሮጅን ደግሞ የጎረነነን ድምፅ አያቀጥንም። ስድስት ወር ከድምፅ አሠልጣኝ ጋር ሠርቻለሁ፣ ዛሬም ባንክ ስደውል «አቶ» እባላለሁ። የምትፈሩት የማይመለሰውን ለውጥ ከሆነ ጉርምስናም አይመለስም። ይህን ስል ግን ስለ ራሴ ብቻ ነው የምናገረው። በዚያው ዘመን እንደ እኔ ስትል የነበረች ጓደኛዬ በ17 ዓመቷ ሐሳቧን ለውጣለች፤ መርፌ ብትጀምር ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር እርሷም አታውቅም። ሐኪም ከሁለታችን የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በ13 ዓመታችን የሚለይበት መሣሪያ አልነበረውም።

መልስ፦ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ (ለንደን)

እህቴ፣ ስለ ጻፍሽ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ እኔ በብዙ መስመር ለማለት የሞከርኩትን ነው የያዘው፤ ከዚያ በመነሣት አንቺና እኔ ወደ ተለያየ መደምደሚያ ልንሄድ እንችላለን። እኔ መሣሪያው እስኪገኝ በጥናት ሥር ብቻ ይሰጥ እላለሁ። አንቺ በ13 ዓመትሽ በዚያ ጥናት ውስጥ ለመግባት ወረፋ ብትጠብቂ ኖሮ ምን ትይኝ እንደነበር ግን እገምታለሁ።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ (ሲያትል)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይህን አዘጋጅቻለሁ፦ «ይህ መርፌ የጉርምስናን ለውጥ ባለበት ያቆመዋል። መርፌው ሲቋረጥ ለውጡ ይቀጥላል። በቆመበት ጊዜ ግን አጥንት እንደ እኩዮች አይጠነክርም። ከዚህ በኋላ ሌላ ሆርሞን ከተጨመረ ወደፊት መውለድ ላይቻል ይችላል። ምን ያህል እንደሚጠቅም ሐኪሞች ገና አልተስማሙም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከእኔ የሚወጣ አይደለም፤ ሐኪሙ ራሱ ካላለው ልጨምርበት አልችልም። ስለዚህ አስቀድሜ ለሐኪሙ ነግሬው እንዲለው ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ሲጨርስም እናትየዋ የተረዳችውን በራሷ አንደበት መልሳ እንድትነግረው ያደርጋል።

አሁን የቀረኝ አንድ ነው። ሐኪሙ ወደፊት ለመውለድ እንዲቻል እንቁላል ወይም የዘር ፈሳሽ አስቀድሞ አውጥቶ በቅዝቃዜ ስለማስቀመጥ ይናገራል። በዚህ ጊዜ እናትየዋ የምትመጣው ከልጁ አያት ጋር ነው፤ ይህን በ12 ዓመት ልጅና በአያቱ ፊት ሳላሳፍር የምናገርበት ቃል ያላችሁ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።